በጨፌው ላይ የሸነሸንኩት ሰፈር

ጡረታ ስወጣ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ትንሽ ግብዣ አደረጉልኝ። ከእኔ በዕድሜ እጅግ የሚያንስ አንድ መሐንዲስ ተነሥቶ፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከእጄ የተበላሸ ፕላን ወጥቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ተጨበጨበልኝ። እኔም ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁና የሸለሙኝን የግድግዳ ሰዓት ተቀበልኩ። መሐንዲሱ የሰማውን ነው የተናገረው፤ ያላወቀውን ባለመናገሩ አልፈርድበትም። አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሰዓቱን ታቅፌ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገደኛው ሁሉ የሚያውቅብኝ እየመሰለኝ ፊቴ ይግል ነበር። ስለዚህ ሥራዬን ከመጀመሪያው አንሥቼ እንዳለ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። የሚያኮራውን ሌላ ሰው ይጻፈው።

ሥራዬ የመሬት ቅየሳ ነበር። የተወለድኩት ኩታበር ነው፤ ደሴ ተማርኩ፣ አዲስ አበባ አጭር የቅየሳ ትምህርት ወሰድኩ፣ የመጀመሪያ ምድቤም በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ መካነ ሰላም ሆነ። ከደሴ በጭነት መኪና፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሼ ገባሁ። ደመወዜ ከጀማሪ አስተማሪ እምብዛም የማይሻል ቢሆንም በመጀመሪያው ወር ኮት አሰፋሁ። የአገሩ ሰው ኮቱንና ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ሲያይ "መሐንዲሱ" ይለኝ ጀመር። መሐንዲስ አልነበርኩም። አንድ ቀን እንኳ ግን አላረምኳቸውም።

አለቃዬ ጋሽ ዘለቀ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ቅየሳን የተማሩት ከክፍል ውስጥ ሳይሆን፣ በወጣትነታቸው መንገድ ሲሠራ ከቀያሾች ኋላ ኋላ የመለኪያ ሰንሰለት እየጎተቱ ነው። አዲስ ቦታ ሲደርሱ መሣሪያውን ከሳጥኑ አያወጡም። ሁለት ሦስት ቀን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መሬቱን ይዞሩታል። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ሲያገኙ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላም ይላሉ፤ ከብት የሚጠብቅ ሽማግሌ ካገኙ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ስለ ከብቱ ይጨዋወታሉ። በመጨረሻ የሚጠይቁት ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ክረምት ውሃው የት እንደሚያድር። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ከሆነ፣ በጋ የሰነጠቀውን እያዩ ከዘራቸውን ስንጥቁ ውስጥ ይሰዳሉ። ከዘራው እስከ የት እንደገባ በጣታቸው ይዘው ያወጡና ማስታወሻቸው ላይ ይጽፋሉ። ስንጥቁ ጥልቅ የሆነ መሬት ክረምት ያብጣል፣ ያበጠ መሬት ግድግዳ ያነሣል ይሉኝ ነበር። ሥራ ሲያበቃ ሰንሰለቱን በዘይት ጨርቅ የሚወለውሉት ራሳቸው ነበሩ፤ ለሌላ ሰው አይሰጡም።

የሚጽፉት በእርሳስ ነው፤ ላጲስ ግን አልነበራቸውም። የተሳሳቱትን ቁጥር በአንድ ቀጭን መስመር ይሰርዙና ትክክለኛውን ከጎኑ ያሰፍራሉ። የተሰረዘው እየተነበበ ይቀራል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ የት የት ላይ እንደሚሳሳቱ ማወቅ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ መስመር በመሄጃም በመመለሻም እንድለካ አዘዙኝ። ፀሐዩ ጠንክሮ ነበር። መሄጃውን ለካሁ፤ መመለሻውን ግን ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ያንኑ ቁጥር ደግሜ ጻፍኩት። ጋሽ ዘለቀ ደብተሩን አይተው ዘጉት።

"ሁለት ልኬት እንዲህ ልክ ለልክ አይገጥምም፤" አሉኝ። "አንዱን አልለካኸውም።"

ለማስተባበል አፌን ስከፍት ጥለውኝ ሄዱ። ሰንሰለቱን አንሥቼ እንደገና ለካሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ለእኔም ሆነ ለሌላ ሰው አላነሡትም። እኔን ግን የከነከነኝ ማጭበርበሬ ሳይሆን መያዜ ነበር። በሌላ ጊዜ ጥቂት ልዩነት መጨመር እንዳለብኝ ነው ያሰብኩት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ዕድሜዬን የምጽፈው ግን ማመካኛ እንዲሆነኝ አይደለም።

መካነ ሰላም የአውራጃ ዋና ከተማ ስለነበረች በዚያን ጊዜ ከዓመት ዓመት ትሰፋ ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ ሲጨመር ጸሐፊውም፣ አስተማሪውም፣ ነጋዴውም ቤት ፈላጊ ሆነ። ስለዚህ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በእግር ግማሽ ሰዓት በሚያስኬድ ቦታ ላይ፣ አዲስ የመኖሪያ ሰፈር እንዲሠራ ተወሰነ። ገበያ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ያለው፣ ራሱን የቻለ ትንሽ ከተማ እንዲሆን ነበር የታሰበው። መሬቱ ከላይ ደረቅ ጉብታ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርድና ከአንዲት ወንዝ ዳር ጨፌ ላይ ያበቃል። ጨፌ የምንለው ክረምት ውሃ የሚቋጥር፣ በጋ ከብት የሚግጥበት ሣር ሜዳ ነው። ጉብታው ላይ ጭሰኞች ጎጆ ሠርተው ይኖሩ ነበር።

ጋሽ ዘለቀ እንደ ልማዳቸው መሬቱን ዞሩት፤ ከዚያ ወር ሙሉ ለካን። ፕላኑን ሲነድፉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ማየት ከተማርኩት ትምህርት ሁሉ ይበልጥ ነበር። በሮቹ ከነፋሱ እንዲሸሹ፣ የተጫነች በቅሎ ግድግዳ ሳትነካ የምትዞርበት ያህል ማዕዘን እንዲኖር፣ ሴቶች ወደ ምንጩ ሲወርዱ በሰው ግቢ እንዳያቋርጡ ያስቡ ነበር። አንዱን መንገድ ሦስት ጊዜ ነደፉት። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም እስከ ደጃቸው የሚያደርስ መንገድ እኩል እንዲያገኙ ብለው ነው። ጨፌውን ግን ባዶ ተዉት። ወረቀቱ ላይ ከታች ሰፊ ነጭ ቦታ ቀረ፤ መካከሉ ላይ በእርሳስ "ክረምት ይታይ" ብለው ጻፉበት።

ከዚያ እግራቸው አበጠና መራመድ አቃታቸው። ሐኪም ለማየት ደሴ መሄድ ግድ ሆነ። ሲሄዱ ፕላኑን በእጄ አስረከቡኝ። እስኪመለሱ ድረስ በላይኛው ክፍል ላይ ችካል እየተከልኩ እንድቆይ፣ ታችኛውን ግን እንዳልነካ አዘዙኝ። እሺ አልኩ።

ሥራውን የሚከታተል አንድ ሹም ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ቢሮው ጠርቶኝ ፕላኑን ዘርግቶ አየ። ቦታ ፈላጊው እንደበዛ፣ ከጉብታው የሚነሡት ጭሰኞችም መግቢያ እንደሚያስፈልጋቸው አጫወተኝ። ከዚያ ጣቱን ነጩ ቦታ ላይ አሳርፎ ለምን ባዶ እንደሆነ ጠየቀኝ። አለቃዬ ክረምት ሊያዩት ነው ማለት እችል ነበር። ወረቀቱም ላይ ተጽፏል። እኔ ግን ገና ያልጨረስነው ክፍል ነው አልኩት።

"አንተ ትጨርሰዋለህ?" አለኝ።

እጨርሰዋለሁ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት፤ ያለ አለቃዬ የምሠራው የመጀመሪያ ሥራ ነበር።

ከፍታውን ለካሁ። መሬቱ ወደ ወንዙ በመጠኑ ያዘነብላል። በሰፈሩ መካከል አንድ ረጅም ቦይ ብናወርድ ውሃውን ሁሉ ወንዙ ውስጥ ይጥለዋል ብዬ አሰላሁ፤ ስሌቱም ትክክል ነበር። ያልለካሁት ወንዙን ነው። በጋ ስለነበር ጠጠሩን እያሳየ ነበር የሚፈሰው። ነሐሴ ላይ እስከ የት እንደሚነሣ፣ ዳሩ ላይ በየቁጥቋጦው የቀረውን የጎርፍ ገለባ አይቶ መገመት ይቻል ነበር። የሚያውቅ ሰው መጠየቅም ይቻል ነበር። አልጠየቅሁም። ነጩን ቦታ በአራት ረድፍ ሸነሸንኩት፤ ማለት ለየቤቱ የሚሰጠውን ቦታ ከፋፍዬ አሰመርኩበት። የእርሳሱን ጽሑፍ በላጲስ አጠፋሁና ፕላኑን በቀለም ገለበጥኩ። ግርጌው ላይ እንደ ደንቡ የክፍሉ ኃላፊ ስም ሰፈረ፤ የጋሽ ዘለቀ ስም።

ሕክምናው ተራዘመባቸውና ደሴ ዘመድ ቤት ሰነበቱ። በመካከሉ ደብዳቤ ልከው ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። የላይኛው ክፍል ችካል እንዳለቀ፣ ሁሉም ሰላም እንደሆነ ጻፍኩላቸው። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበር። ደብዳቤውን ያሸግሁ ጊዜ ነው ግን መመለስ የነበረብኝ።

የላይኛው ደረቅ ቦታ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለነጋዴዎች ደረሰ። ለእኔም አንድ የማዕዘን ቦታ ተሰጠኝ። ታችኛው ለጭሰኞቹና ለሸማኔዎቹ ሆነ። ከነሱ አንዱ አሊ ሙሄ ነበር፤ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጥ፣ ሥራው የተመሰገነ ሸማኔ። ሚስቱ ዘሀራ የጭሰኛ ልጅ ስለሆነች ያደገችው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ሐዋ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ያን ዓመት ትምህርት ቤት ገብታለች። ችካላቸውን ሳሳያቸው ዘሀራ፣ እኛው የቆምንበት ላይ በነሐሴ በሬ ሰጥሞ በገመድ ሲጎተት ማየቷን ተናገረች። ቦዩ የሚወርድበትን በጣቴ እያሳየሁ፣ ከእንግዲህ እንደዚያ እንደማይሆን ነገርኳት። ማስታወሻዬ በእጄ ነበር፤ የተናገረችውን አልጻፍኩትም።

ሸማኔ ሲሠራ የሚቀመጠው ከጉድጓድ አፍ ላይ ነው፤ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ድሩን የሚከፍትለትን መርገጫ ይረግጣል። ስለዚህ አሊ ግድግዳውን ከመጀመሩ በፊት የሥራ ጉድጓዱን ቆፈረ። በበልግ ማብቂያ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ቢሮዬ መጣ። መዳፉ ላይ ድብልብል ጥቁር ጭቃ ይዞ ነበር፤ ወለሉን እንዳያቆሽሽ ከበሩ ላይ ቆመ።

"ጌታዬ፣ ጉድጓዱ ጉልበቴ ጋ ሳይደርስ አፈሩ ውሃ አመጣ፤" አለኝ። "ቤት ይሆናል ይላሉ?"

የበልጉ ርጥበት ነው አልኩት። እንዳልረካ ፊቱ ላይ ስላየሁ መሣሪያውን አስይዤ አብሬው ወረድኩ። ጉድጓዱ ውስጥ አላየሁም። እሱ እኔን እንዲያምን እንጂ እኔ ጭቃውን ለማየት አልነበረም የሄድኩት። መሣሪያውን ተከልኩና ዓይኑን አስጠግቶ እንዲያይ ጋበዝኩት። የዚያን ጊዜ መሣሪያ ምስል ስለሚገለብጥ፣ ማዶ ያሉት ሰዎች ሁሉ በጭንቅላታቸው ቆመው ታዩት። ደንግጦ ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መሬቱ ወደ ወንዙ እንደሚወርድ መሣሪያው አሳይቶኛል፣ መሣሪያ ደግሞ አይዋሽም አልኩት።

አሊ ጭቃውን ከእጁ አራገፈ።

"እንግዲህ አንቱ ካሉ እገባለሁ ወላሂ፤" አለኝ።

ጉድጓዱን ደፍኖ እዚያው ግቢ ውስጥ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሌላ ቆፈረ። ግድግዳውን በድንጋይና በጭቃ ካበው፤ ሰኔ ሳይገባ ጣሪያውን ከደነ። ባለፍኩ ቁጥር ከሥራው ቀና ብሎ እጅ ይነሣኝ ነበር።

ሐምሌ በደህና አለፈ። ቦዩ ውሃውን ሲያወርድ እያየሁ በልቤ ኮራሁ። በነሐሴ ግን ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ፤ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከታች ኡኡታ ተሰማ። ሮጬ ወረድኩ። ወንዙ ሞልቶ ዳሩን አልፏል። ውሃ እንዲያወርድ ያስቆፈርኩት ቦይ ጭራሽ የወንዙን ውሃ ወደ ላይ እየመለሰ በየደጁ ያድለው ነበር። በማስመሪያ ቀጥ አድርጌ ያወጣኋቸው መንገዶች ሁሉ ድፍርስ ጎርፍ ሆነው ይሄዳሉ። ሰው ልጁንና እህሉን ተሸክሞ ወደ ጉብታው ይወጣል።

አሊ ሚስቱንና ልጁን አውጥቷቸው ነበር። ከዚያ ሊያልቅ የተቃረበ የሰው ጋቢ ከሥራ ዕቃው ላይ ቆርጦ ሊያወጣ ተመልሶ ገባ። ሥሩ የራሰው ግድግዳ ያን ጊዜ ተደረመሰበት። ስንደርስ ከወገቡ በላይ ብቻ ይታይ ነበር። ድንጋዩን በእጃችን እያነሣን ጣልን። አሊ አልጮኸም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ዱዓ ያደርግ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመን ጉብታው ላይ አንድ ሰው ቤት አስገባነው።

ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ከነልብሴ በስብሻለሁ። ዘሀራ ባሏ ራስጌ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ጭቃውን ከፊቱ ላይ ትጠርጋለች። ቀና ብላ አየችኝ። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ጠበቅሁ ብቻ ሳይሆን እንድትረግመኝ ፈለግሁ።

"አንቱም ርሰዋል፤" አለችኝ። "ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ።"

ወጣሁና ዝናቡ ላይ ቆምኩ። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ስለነበር ደሴ የሚወስድ መኪና የተገኘው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። የአሊ ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። በዚያ ጎርፍ ሰባት ቤት ፈረሰ፤ የሞተ ሰው ግን አልነበረም። ሰዎች ይህን ለማጽናናት ይነግሩኝ ነበር፤ እኔም ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ሆስፒታል ሄጄ አሊን አልጠየቅሁትም። ከተመለሰም በኋላ በሌላ መንገድ ነበር የምሄደው።

ጋሽ ዘለቀ ክረምቱ ሲወጣ እያነከሱ ተመለሱ። ሰላምታ ሰጥተውኝ በቀጥታ ወደ ጨፌው ወረዱና ብቻቸውን ዞሩት። በሳምንቱ ጉዳዩን የሚመረምሩ ሁለት ሰዎች መጡ። ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ግርጌውን አነበቡ። ከዚያ አንዱ የታችኛውን ክፍል የነደፈው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው አራት ነን። ጋሽ ዘለቀ ወዲያው አልመለሱም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አንዱን መስተዋት ጠረጉ፣ ሌላውን ጠረጉ፣ መነጽሩን መልሰው አደረጉት። የማስታወሻ ደብተራቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ጨፌው እንዳይነካ የጻፉበትን ገጽ ከፍተው ማሳየት ይችሉ ነበር። እኔ የጠረጴዛውን እግር አይ ነበር።

"የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ፤" አሉ በመጨረሻ።

ውሸት አልነበረም። መርማሪዎቹ እንደተባለው ጻፉ። ወር ሳይሞላ ጋሽ ዘለቀ ከቅየሳ ሥራ ተነሥተው ሌላ አገር የንብረት ክፍል ጠባቂ ሆነው ተመደቡ። በእሳቸው ቦታ እኔ ተሾምኩ።

የሚሄዱ ዕለት ዕቃቸውን ጭነት መኪናው ላይ አወጣሁላቸው። ይቅርታ የምጠይቅበት ቃል ስፈልግ ቆይቼ፣ ያገኘሁት ለምን እንዲህ አደረጉ የሚል ጥያቄ ብቻ ሆነ።

"ለመርማሪዎቹ ቀስ ብዬ የመለስኩት ጊዜ እንድታገኝ ብዬ ነው፤" አሉኝ። "አንተ ካልፈለግህ እኔ ምን ላድርግ?"

ይህን ያሉት ሳይቆጡ ነው። ተሳፈሩና ሄዱ። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ አንዱንም አልላክሁም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ማረፋቸውን ከአንድ ሹፌር ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ጎበዝ ቀያሽ ሆንኩ። ይህን የምለው እያፈርኩ ነው። ከላላ ወደሚባል ወረዳ ተዛወርኩ፤ በበቅሎ ካልሆነ የማይደረስበትን አገር ዞርኩት። ላጲሴን ጣልኩ፣ ከዘራ ገዛሁ፣ በክረምት ዝናብ ውስጥ ሜዳ ስረግጥ እውል ነበር። አንድ ጊዜ ከአንድ ገደል ሥር ሰፈር እንድሸነሽን ታዝዤ፣ የአገሩን ሽማግሌዎች ጠይቄ ድንጋይ ይወርድበታል ስላሉኝ እምቢ አልኩ። የዚያን ጊዜ አለቃዬ ተቀየመኝ፤ ዕድገቴም ለዓመታት ተያዘ። በሦስተኛው ክረምት ያ ገደል ተንዶ ሜዳውን ድንጋይ ሞላው፤ ሥሩ የሚኖር ሰው አልነበረም። ስሜ በዚያ ወጣ። ይህን ጥንቃቄ ከማን እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ ከልምድ ነው እል ነበር። የጋሽ ዘለቀን ስም ባነሣ ለምን ከሥራው እንደተነሡ መናገር ሊመጣ ነው። ስለዚህ የሥራ አባቴን በሕይወቴ ሙሉ በስማቸው አልጠራኋቸውም።

ንጉሡ ወረዱ። መሬቱ የመንግሥት ሆነ፤ የማዕዘን ቦታዬም ቤት ሳልሠራበት ቀረ። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ለወጠ፤ የዚያ ምርመራ ወረቀት የት እንደገባ አላውቅም። ነገሩን የሚያውቅ ሰው በተዛወረ ወይም በሞተ ቁጥር እፎይ እል ነበር፤ ይህንንም ልደብቀው አይገባም። ዛሬ ወጣቶቹ ከሰማይ ምልክት የሚቀበል መሣሪያ ተክለው የእኛን የወር ሥራ በአንድ ጠዋት ይጨርሱታል። ስለ ድሮው ሥራ ሲጠይቁኝ ስለ ሰንሰለቱና ስለ በቅሎው እነግራቸው ነበር እንጂ ስለ ጨፌው ተንፍሼ አላውቅም።

ከግብዣው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት መካነ ሰላም ሄድኩ። አሊ ሙሄ በሕይወት እንዳለ፣ ዘሀራ ግን ከሞተች እንደቆየች መናኸሪያው ላይ ነገሩኝ። ያገኘሁት ልጁ ሐዋ ቤት ነው። መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ምርኩዙን አጠገቡ አስደግፎ፣ ለሌሎች ሸማኔዎች ፈትል ያጠነጥን ነበር። እግሩ ከተቆረጠ ወዲህ ሥራው ይኸው ብቻ ነበር። ማንነቴን ስነግረው ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ "መርሀባ፣ ይግቡ" ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። ሐዋ ጎልማሳ ሴት ሆናለች፤ ውሃ አቅርባልኝ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ተጠያየቅን። ከዚያ ይቅርታ ልጠይቀው እንደመጣሁ ነገርኩት።

አሊ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የተማርኩትን እንደሠራሁ፣ ውሃው ግን የአላህ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ነገረኝ።

"ጭቃውን በእጄ ይዤው ነበር እኮ፤" አለ። "ዘሀራ አንግባ አለች። እያወቅሁ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እሷ እስክትሞት አላነሣችብኝም። ሐዋ ግን አልተወችኝም። ከትምህርት ቀርታ ልጅነቷ ሰው ቤት ስትሠራ ያለቀው በእኔ ነው፤ እውነቷን ነው።"

ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ ጥፋቴ ባለቤት አጥቶ የቀረ መስሎኝ ነበር። ለካ ባለቤት አግኝቶ ኖሯል። እኔ ዝም ስል አሊ ወስዶት፣ በዚህ ቤት ውስጥ በአባትና በልጅ መካከል ተቀምጦ ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉን ነገርኩት። አለቃዬ ጨፌውን ነጭ አድርገው እንደተዉት፣ ጽሑፋቸውን አጥፍቼ እንደሞላሁት፣ እሱ ጭቃውን ይዞ ሲመጣ ደግሞ እውነቱን ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሬ እንደነበር። ይህን የመጨረሻውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለራሴም ቢሆን።

አሊ ፈትሉን መደቡ ላይ አስቀመጠ።

"ሽማግሌው ትተውት ነበር?" አለኝ።

"ትተውት ነበር።"

"አንተ ሞላኸው።"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንቱ ነበር የሚለኝ።

"ሞላሁት፤" አልኩ።

ይቅር ብዬሃለሁ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ ጓዳው ዞሮ ልጁን ጠራት። ሐዋ እጇን እየጠራረገች መጣች፤ እንድትቀመጥ አደረጋት።

"ለእኔ ያልከኝን ለእሷ ንገራት፤" አለኝ። "አንድም ሳታስቀር።"

ነገርኳት። መሐል ላይ ሳቋርጥ አሊ እንድቀጥል በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ስጨርስ ሐዋ እኔን አላየችኝም። የምታየው አባቷን ነበር። ከተቀመጠችበት ተነሥታ መደቡ ላይ ከጎኑ ተቀመጠች፤ እጁን ያዘች። ተነሥቼ ደህና ሁኑ አልኩ፤ የሰሙኝ አልመሰለኝም። በእኛ አገር እንግዳ የተጣላ እንኳ ቢሆን እስከ ደጅ ይሸኛል። እኔን የሸኘኝ ሰው አልነበረም። በሩን ራሴ ዘግቼ ወጣሁ።